እብጠቱን ልተወው፣ ላስቆርጠው ወይስ ላሳውቅ? በወሎ ከብት፣ በግ፣ ፍየልና ጋማ ከብት ቆዳ ላይ ለሚወጡ እብጠቶች የንጽጽር መመሪያ

ከብት ቆዳ ላይ እብጠት ሲወጣ አርቢው ፊት የሚቀርቡት መንገዶች ጥቂት ናቸው። ትቶ መጠበቅ አለ፤ አስሮ መጣል ወይም በሐኪም ማስቆረጥ አለ፤ እንስሳውን ለይቶ ማሳወቅና ጤነኞቹን ማስከተብ አለ፤ ሳይብስ ማረድም አለ። አንዱን እብጠት የሚያድነው መንገድ ሌላውን ስለሚያብሰው ምርጫው ቀላል አይደለም። የጥጃን ኪንታሮት መተው ትክክል ነው። ጉርብርብን፣ ማለትም ከብትን የሚይዘውን ተላላፊ የቆዳ እብጠት በሽታ፣ ዝም ብሎ መተው ግን የጎረቤትን በረት ጭምር ማስያዝ ነው። በላም ዓይን ቆብ ላይ የወጣች ምስር የምታክል ሥጋ ቶሎ ከተቆረጠች ዓይኑ ይተርፋል፤ የአህያን ሳርኮይድ (የጋማ ከብት የቆዳ ዕጢ) ጫፉን በምላጭ መልጦ መተው ደግሞ አብዝቶ ይመልሰዋል። ስለዚህ መድኃኒት ከመጠየቅ በፊት እብጠቱ ምን እንደሆነ መለየት ይቀድማል።

ለመለየት ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ ትኩሳቱ፣ ፍጥነቱና ጥልቀቱ።

ትኩሳት በጆሮ ሙቀት አይፈረድም። ቴርሞሜትሩን በፊንጢጣ ያስገቡ፣ ጫፉን ወደ ጎን አዘንብለው ገላውን ያስነኩና ሁለት ደቂቃ ይያዙት። የጤነኛ ከብት ሙቀት ከ38 እስከ 39.3 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በግና ፍየል ትንሽ ከፍ ይላሉ፣ እስከ 39.9 ድረስ። ከእርሻ የተፈታ በሬ ስለሚሞቅ ጠዋት ከመሰማራቱ በፊት መለካት ይሻላል። ትኩሳት ካለ መጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ይጠርጠር፤ ዕጢ ለብቻው ብዙ ጊዜ ከብትን አያተኩስም።

ፍጥነቱም ይናገራል። ማታ ደህና የገባ ከብት ጠዋት ገላው በሙሉ ጉብ ጉብ ብሎ ቢገኝና በማግስቱ ቢጠፋ፣ ብዙ ጊዜ የነፍሳት ንክሻ ወይም የመኖና የመድኃኒት አለርጂ ነው። ትኩሳት ቀድሞ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የወጣ እብጠት ወደ ጉርብርብ ወይም ወደ ፈንጣጣ ያመለክታል። በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ያደገው ኪንታሮት ወይም ዕጢ ነው።

ለጥልቀቱ እጅ ያስፈልጋል። እብጠቱ ያለበትን ቆዳ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ያንሱት። ኪንታሮት ከቆዳው በላይ የተቀመጠ ነው፤ ሻካራ ነው፣ ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ወትሮው ይታጠፋል። የጉርብርብ እብጠት ቆዳውን ከላይ እስከ ታች ይዞታል፤ ጣቶችዎ መካከል እንደ ጠጠር ይጠነክራል፣ ቆዳውም እዚያ ላይ አይታጠፍም። መግል የያዘ እብጠት ይሞቃል፣ መሀሉ ሲጫኑት ይሰረጉዳል። እምብርት አካባቢ ያለና ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ የአንጀት መውጣት ሊሆን ስለሚችል ስለት አይቅረበው፤ እንደ መግል ተበጥቶ አንጀት የሚቆረጠው በዚህ ስህተት ነው።

ጉርብርብና ኪንታሮት

ብዙ ስህተት የሚሠራው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ ማለት ይገባል።

የጉርብርብ ቫይረስ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ቫይረሶች የቅርብ ዘመድ ነው። መጀመሪያ የታየው በ1929 እ.ኤ.አ. ዛምቢያ ውስጥ ነው፤ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1983 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ባለው አካባቢ ነው። የሚያስተላልፉት ተናካሽ ዝንብ፣ ትንኝና መዥገር ናቸው። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይበረታል። ሐይቅና ኮምቦልቻን በመሰለ ሞቅ ያለና ውሃ ገብ ቦታ ዝንቡ ስለማይጠፋ ከዚያ ወቅት ውጭም ጥንቃቄው አይላላ። የአገር ዘር ከብት ብዙ ጊዜ ቀለል አድርጎ ያልፈዋል፤ ዲቃላና የፈረንጅ ላም ግን ክፉኛ ትታመማለች።

አመጣጡ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ከብቱ ያተኩሳል፤ ሙቀቱ ከ40 አልፎ 41 ይደርሳል፤ ዓይኑ ያነባል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ የወተት ላም በድንገት ትነጥፋለች። ቀጥሎ ከግማሽ እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብና ጠንካራ እብጠቶች በአንገት፣ በራስ፣ በግት፣ በብልትና በእግር ላይ ይወጣሉ። ከትከሻው ፊትና ከጎኑ እጥፋት ያለው ንፍፊት ያብጥና በእጅ ይዳሰሳል። እግርና ደረት ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ እንዲህ የሆነ በሬ ለማረስ ቀርቶ ለመቆምም ይቸገራል። ከሳምንታት በኋላ የእብጠቱ መሀል ይሞታል። ዙሪያውን እርጥብ ቀለበት ይከበዋል፤ መሀሉ ደርቆና ጠቁሮ በጠርሙስ አፍ ላይ እንደተወተፈ ቡሽ ይቀመጣል። ያ ቡሽ ሲወድቅ ጉድጓድ ይተዋል፤ ዝንብ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው። ጉድጓዱ ቢድንም ጠባሳው በቆዳው ላይ ይቀራል፤ ቆዳ ነጋዴው ዋጋ የሚሰብረውም ለዚህ ነው።

ኪንታሮት ሌላ ቫይረስ የሚያመጣው ለጤና የማያሰጋ ዕጢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ዓመት ያልሞላውን ጥጃ፣ ጊደርና ወይፈን ነው። በዓይን ዙሪያ፣ በጆሮ፣ በአንገትና በትከሻ ላይ ይወጣል፤ ሲያድግ አበባ ጎመን ይመስላል። ጥጃው አያተኩስም፣ ይበላል፣ ይዘላል። ቫይረሱ የሚገባው በተጫረ ቆዳ በኩል ነው፦ በጋራ አፍሳር፣ ጆሮ በተበሳበት መሣሪያ፣ በእሾህ አጥር። አንድ በረት ውስጥ አምስት ጥጃ አንገቱ ላይ በአንድ መስመር ኪንታሮት ካወጣ መጀመሪያ ገመዱ ይመርመር። ለእያንዳንዱ ጥጃ የራሱን ገመድ መስጠትና የብረቱን ዕቃ 20 ደቂቃ ማፍላት ከየትኛውም ቅባት ይበልጣል።

ለኪንታሮት ምን ይመረጥ? ጥቂት ከሆነና ማየትን፣ መብላትን ወይም መታለብን ካልከለከለ መተው ነው። የጥጃው ሰውነት መከላከያውን ሲገነባ ኪንታሮቱ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ደርቆ ይረግፋል። ግንዱ የቀጠነውን በሐኪም ክር ወይም በላስቲክ ቀለበት ከሥሩ አጥብቆ ማሰር ይቻላል፤ የፈረስ ጭራም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፣ ነገር ግን ክሩም ጭራውም በአዮዲን ይነከር፣ ቋጠሮውም ደም እስኪያቆም ይጠበቅ። ላልቶ የታሰረ ኪንታሮት ይቆስላል እንጂ አይወድቅም። ግንደ ሰፊውን የሚቆርጠው ሐኪም ነው፣ ያውም በማደንዘዣ። ገና በማደግ ላይ ያለ ኪንታሮት ከተቆረጠ ተመልሶ ሊያድግ ስለሚችል ማደጉን እስኪያቆም መታገሥ ይሻላል። ከራሱ ከእንስሳው ኪንታሮት ተፈጭቶ፣ በፎርማሊን ተገድሎ የሚሰጥ ክትባትም አለ። ይህ በላቦራቶሪ ካልተሠራ መግልና መመረዝ ያመጣል፤ ደግሞም ለመከላከል እንጂ የወጣውን ለማርገፍ ያለው ጥቅም አስተማማኝ አይደለም። ከብቱ የራሱን ደም ተቀድቶ መልሶ የሚወጋበት ዘዴም ይነገርለታል። ኪንታሮት በራሱ የሚረግፍ ስለሆነ የደሙ ሥራ ይሁን የጊዜው መለየት ያስቸግራል፤ ገንዘብ ለማውጣት አይመከርም።

የቁልቋል ወተት አይቀባ። ዓይን ውስጥ ከገባ የከብቱንም የሰውንም ዓይን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ጤነኛውንም ቆዳ ይልጣል። በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ ኪንታሮቱንም ጉርብርቡንም አይፈውስም፤ ለዝንብ አዲስ ቁስል ይከፍታል።

በጡት ጫፍ ላይ የሚወጣው ኪንታሮት ለየት ይላል። የሩዝ ፍሬ የሚመስለውና ጠፍጣፋው ዓይነት ብዙ ጊዜ በራሱ አይረግፍም። ያለባትን ላም በመጨረሻ ማለብ፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ሌሎቹን ያተርፋል። የወተቱን ቀዳዳ የዘጋ ከሆነ ግትን የሚያውቅ ሐኪም ይየው፤ በጥፍር መንቀል የግት በሽታ ያስከትላል።

ጉርብርብ ከተጠረጠረ ምርጫው ይጠባል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። የታመመውን ከመንጋው ለይቶ፣ መኖና ውሃ አፉ ድረስ አቅርቦ፣ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መናገር ነው። አንቲባዮቲክ የሚሰጠው ቁስሉና ሳንባው በባክቴሪያ እንዳይመረዝ ብቻ ነው። ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ የሚሠራውን 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን ካዘዘ፣ የተለመደው መጠን ለ10 ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። 250 ኪሎ ለሚሆን በሬ 25 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ይህም በአንድ ቦታ ከ10 ሚሊ ሊትር ሳይበልጥ በሦስት ቦታ ጡንቻ ውስጥ ይከፈላል። ሁሉንም አንድ ቦታ ማፍሰስ ጡንቻውን ያበሰብሳል። ከዚያ በኋላ ወተቱና ሥጋው የሚከለከልበትን ቀን ከጠርሙሱ ላይ ማንበብ ግዴታ ነው። የቁስሉን ጉድጓድ በቀጭን አዮዲን ያጥቡ፣ ዝንብ የሚያባርር ቅባት በዙሪያው ይቀቡ።

አንድ ሌላ በሽታም ጉርብርብ እየተባለ ያለ ሕክምና ይተዋል። ፀጉሩ ተጣብቆ ቅርፊት የሠራ፣ ቅርፊቱ ሲነቀል ፀጉሩ እንደ ቀለም ብሩሽ አብሮ የሚወጣ፣ ከሥሩም የሚያዥ ቆዳ ካዩ ይህ ደርማቶፊሎሲስ ነው። ባክቴሪያ ነው፤ መዥገርና ዝናብ ያብሱታል፤ በዚያው በኦክሲቴትራሳይክሊንና መዥገሩን በማጥፋት ይድናል።

ክትባቱን መቼና እንዴት

የጉርብርብ ክትባት በሕይወት ያለ፣ የተዳከመ ቫይረስ ነው። አገር ውስጥ ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ክትባት ማምረቻ ይዘጋጃል። በየዓመቱ አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ምርጥ ጊዜው ዝንቡ ከመብዛቱ በፊት፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። መከላከያው እስኪጸና ሦስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ በሽታው ጎረቤት ከደረሰ በኋላ መከተብ ዘግይቷል የሚባለው ለዚህ ነው። ያኔም ቢሆን ጤነኞቹን መከተብ ይጠቅማል፤ የታመመው ግን አይከተብም። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሕመሙ እስኪታይ እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ በተከተበ በሳምንቱ የታመመ ከብት ቀድሞውኑ ተይዞ የነበረ ሊሆን ይችላል።

ክትባቱ የሚበላሸው በአያያዝ ነው። ዱቄቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ በረዶ ባለበት ዕቃ ተይዞ፣ ከፀሐይ ተከልሎ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ለነገ አይቀመጥም። የሚወጋበት ቦታ በአልኮል ከራሰ ክትባቱን ይገድለዋል። መርፌውም ለየከብቱ ቢቀየር ይመረጣል፤ ይህ ካልሆነ ቢያንስ ለየቤቱ በረት አዲስ ይሁን። ካልሆነ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው በሽታውን የሚያዞረው መርፌው ራሱ ይሆናል። ከክትባት በኋላ አንዳንድ ከብት ላይ ትንንሽና ከላይ ብቻ የሆኑ እብጠቶች ይወጣሉ፤ እነዚህ በሁለት ሦስት ሳምንት ያለ ጉድጓድ ይጠፋሉ።

ከገበያ የመጣ አዲስ ከብት 28 ቀን ለብቻው ይሰንብት። የባቲ ሰኞ ገበያ የቆላውንና የደጋውን ከብት አንድ ሜዳ ላይ ያገናኛል፤ ትኩሳት ያለበት፣ እብጠቱ ግን ገና ያልወጣ ወይፈን በዓይን አይለይም።

በግና ፍየል ላይ

በደላንታም ሆነ በወረኢሉ ደጋ ጉረኖ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ፈንጣጣ ነው ወይስ ኦርፍ የሚለው ነው። ላቱን ወይም ጭራውን ከፍ አድርገው ከሥሩ ያለውን ራቁት ቆዳ ይዩ፤ ብብቱንና ብሽሽቱንም ይግለጡ። ፈንጣጣ ፀጉርና ሱፍ በሌለበት ቦታ ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ጀምሮ ወደ ጠንካራ እብጠት ይለወጣል፤ ትኩሳት አለው፤ ሳንባ ውስጥም ስለሚገባ ጠቦቶች በብዛት ይሞታሉ። ኦርፍ ከንፈርንና አፍንጫን ይይዛል፤ ወፍራም ቅርፊት ይሠራል፤ ትኩሳቱ ትንሽ ነው ወይም የለም፤ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሽራል። ጠቦቱ የሚሞተው መጥባት አቅቶት ነውና የእናቱን ወተት አልቦ በጠርሙስ መስጠት ከመድኃኒቱ ይቀድማል። የእናቲቱም ጡት ይታይ፤ ቁስሉ ወደ እርሷ ከተሻገረ ጠቦቱን ትገፋለች።

ፈንጣጣ ከሆነ መለየት፣ ማሳወቅ፣ ጤነኞቹን ማስከተብ ነው። ኦርፍ ከሆነ ቅርፊቱን መላጥ አያስፈልግም፤ የወደቀውን ግን ሰብስበው ያቃጥሉ፤ ደረቅ ቅርፊት ውስጥ ቫይረሱ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። ኦርፍ ሰው ይይዛል፤ ጠቦቱን በባዶ እጅ የያዘ ሰው ጣቱ ላይ የሚያም እብጠት ያወጣል፤ ጓንት ይልበሱ። ጉርብርብና የበግ ፈንጣጣ ግን ሰውን አይዙም። አፍ ውስጥ ቁስል፣ የሚሸት የአፍንጫ ፈሳሽና ተቅማጥ በአንድነት ከታዩ ነገሩ ሌላ ነው፤ ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለነገ አያሳድሩት።

ፈረስ፣ በቅሎና አህያ

በጋማ ከብት ቆዳ ላይ ከሁሉም ዕጢ በብዛት የሚገኘው ሳርኮይድ ነው። የሚያመጣው የከብት ኪንታሮት ቫይረስ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ዝንብ ከጥጃ ኪንታሮት ወደ አህያ ቁስል ታደርሰዋለች ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ ኪንታሮት ያለበት ጥጃ ባለበት በረት የአህያው የጭነት ቁስል ሳይሸፈን አይደር። ሳርኮይድ አንዳንዴ ፀጉር የረገፈበት ክብ ይመስላል፣ አንዳንዴ ሻካራ ኪንታሮት፣ አንዳንዴ ከቆዳ ሥር ያለ ፍሬ፣ አንዳንዴም የማይድን ቀይ ሥጋ። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ባይዛመትም ባለበት ይሰፋል። ትንሽ፣ የማያድግና ኮርቻም ልጓምም የማይነካው ከሆነ መተው፣ በየወሩ በክር መለካት ነው። ግንድ ያለውን ማሰር ይቻላል፤ ጋማ ከብት ግን በቴታነስ ቶሎ ስለሚጠቃ ያለ ቴታነስ መድኃኒት አይታሰር፣ አይቆረጥም። ብቻውን የተቆረጠ ሳርኮይድ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሐኪሙ ከዳር ካለው ጤነኛ ቆዳ ቢያንስ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሮ መውሰድ፣ ከተቻለም የቀረውን የዕጢ ሕዋስ እንዲገድል ቦታውን በብርቱ ማቀዝቀዝ አለበት።

የኮምቦልቻ ጋሪ ፈረስ እግር ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በመስመር ተደርድረው የሚፈነዱ እብጠቶች ካዩ ግን ሳርኮይድ አይደለም። ይህ በፈንገስ የሚመጣ የሊምፍ ሥር በሽታ ነው፤ በቁስል፣ በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። በጅምሩ በአዮዲን የመዳን ዕድል አለው፤ መላ አካሉን ካዳረሰ በኋላ የተጀመረ ሕክምና እንስሳውን ከማሰቃየት አያልፍም። በግራጫና በነጭ ፈረስ ጭራ ሥር የሚወጣው ጥቁር ጠንካራ ፍሬ ደግሞ የእርጅና ሜላኖማ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው ግራጫ ፈረሶች አብዛኞቹ ላይ ይገኛል፤ መጸዳዳትን ካልከለከለ ይተዋል።

መጠበቅ የማይቻልበት ዕጢ

የዓይን ካንሰር ነው። ዓይናቸው ዙሪያ ነጭ ወይም ቀላ ያለ ቆዳ ያላቸውን ላሞች ያጠቃል፤ የደጋ ፀሐይ ብርታቱ ያግዘዋል። በቆቡ ጠርዝ፣ በሦስተኛው ቆብ ወይም ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነጭ ነጥብ ወይም ቀይ ሥጋ ሆኖ ይጀምራል። ያን ጊዜ በማደንዘዣ ማስቆረጥ አጭር ሥራ ነው። ቆይቶ ዓይኑን ከያዘ ዓይኑ ራሱ ይወጣል፤ ላሚቱም በአንድ ዓይን ትኖራለች፣ ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ከጆሮ ሥር ያለው ንፍፊት ካበጠ ወይም አጥንቱ ከተበላ ግን ሕክምናው ይቅር፤ በቄራ መርማሪ ፊት ትታረድ፣ ሥጋው የሚበላ መሆኑን እርሱ ይወስን። የከብት ቀንድ ከሥሩ ሲላላ፣ ሲዘነብልና በዚያው በኩል አፍንጫው ሲደማም ይኸው ጥርጣሬ ይያዝ።

በግቢው ስላሉት ውሻና ዶሮም በአጭሩ፦ በውሻ ብልት ላይ የሚደማው አበባ ጎመን መሰል ዕጢ በቫይረስ ሳይሆን በራሱ በዕጢው ሕዋስ፣ በሚጠቃቁበት ጊዜ የሚተላለፍ ነው። ከመቁረጥ ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ቪንክሪስቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ይፈውሰዋል። ዶሮ ላይ ኩክኒውንና ፊቱን የያዘ ደረቅ ቅርፊት ፈንጣጣ ነው፣ በሦስት በአራት ሳምንት ይድናል፤ አንድ እግር ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ የሚወድቅ ወጣት ዶሮ የማሬክ በሽታ ይጠረጠርበታል። ማሬክ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ በተፈለፈለበት ቀን የሚሰጥ ስለሆነ ጫጩት ሲገዙ መጠየቅ ያለበት ያኔ ነው።

ናሙና መላክ ካስፈለገ

በዓይን ያልተለየው ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ይላካል። ባለሙያው በሁለት ዕቃ ይውሰድ። አንዱ ንጹሕ ደረቅ ዕቃ ነው፤ ከእብጠቱ የተቆረጠ ቁራጭ ወይም ቅርፊት ገብቶበት በበረዶ ይሄዳል፤ ቫይረሱ የሚፈለገው ከዚህ ነው። ሁለተኛው 10 በመቶ ፎርማሊን ነው፤ ዕጢነቱ የሚታየው በእርሱ ነው። ቁራጩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይወፍር፣ ፎርማሊኑም የቁራጩን አሥር እጥፍ ይሁን፤ ካነሰ መሀሉ ይበሰብሳል። ፎርማሊን ቫይረሱን ስለሚገድል ሁለቱ አይቀላቀሉ። እብጠቱ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት የተወሰደ ናሙና ከሁሉም የተሻለ ነው፤ በዕቃው ላይ የእንስሳው ዕድሜ፣ ቀበሌው፣ የተከተበበት ወርና ትኩሳቱ በእርሳስ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በፎርማሊን ይለቃል።